ሐር እየተባለ የሚሸጠው ሻሽ

ሐር ከትል የሚገኝ ክር ነው። ትሉ ጎጆውን ሲሠራ ከአፉ የሚያወጣው ፈሳሽ ፕሮቲን ይጠነክርና ክር ይሆናል፤ ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ሐር አይደለም። በወሎ ከተሞች፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በደሴ ሱቆች ግን የሚያብለጨልጭና ከእጅ ሙልጭ የሚል ሻሽ ሁሉ «ሐር» ወይም «ሲልክ» እየተባለ ይሸጣል። አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ከነዳጅ ዘይት ውጤት የተሠራ ፕላስቲክ። ፖሊስተር መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ከጓዳ ገበያ ስትመላለስ ለምትውል ሴት ከሐር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ነውሩ የትሉን ስም አውሶ የትሉን ዋጋ ሲጠይቅ ነው።

የስህተቱ ሥር ክርን ከአሸማመን ጋር ማምታታት ነው። ሳቲን የክር ሳይሆን የአሸማመን ስም ነው። አንዱ ክር አራትና ከዚያ በላይ ክሮችን ተሻግሮ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ስለሚያልፍ የጨርቁ ፊት ለጥ ይላል፤ ብርሃኑም ሳይበታተን ይመለሳል። ሳቲን ከሐርም፣ ከጥጥም፣ ከፖሊስተርም ይሸመናል። በሌላ በኩል ከንጹሕ ሐር ተሠርቶ የማያብለጨልጭ ጨርቅ ሞልቷል። ክሬፕ ክሩ አጥብቆ የተከረረ ስለሆነ ፊቱ ሻከር፣ ደብዘዝ ይላል፤ ሺፎን ስስና ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ኦርጋንዛ ደረቅ ብሎ ይቆማል። የፓሪሱ ፋሽን ቤት ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1937 ማውጣት የጀመረውና በዓለም ስመ ጥር የሆነው ባለ 90 ሳንቲ ሜትር የሐር ሻርፕ እንኳ ሳቲን አይደለም። ቀረብ ብለው ሲያዩት ሰያፍ መስመር የሚታይበት ትዊል ነው፤ ድምቀቱም ረጋ ያለ ነው። በብልጭታ ብቻ በሚፈርድ ገበያ አጠገቡ የተሰቀለው የፖሊስተር ሳቲን ያስንቀዋል።

ይህ ፍርድ ክፉኛ የሚጎዳው የአገር ቤቱን ሐር ነው። በማልበሪ ቅጠል የሚያድገው ትል ጎጆውን ከአንድ ወጥ ክር ይሠራል፤ የአንዱ ጎጆ ክር ሳይበጠስ ቢተረተር ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። አብረቅራቂው ሐር የሚገኘው ከዚህ ነው። በኢትዮጵያ የሚረባው ኤሪ የሚባለው ትል ግን የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው፤ በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን፣ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነውን ጉሎ። ኤሪ የጎጆውን አንድ ጫፍ ክፍት ትቶ ስለሚሠራ፣ ክሩም ወጥ ስላልሆነ አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ባዘቶ በእንዝርት ስትፈትል የኖረች ሴት እጇ የለመደው ሥራ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሻርፕ ክሬም መልክ ያለው፣ ወፈር ያለ፣ የሚሞቅ፣ ፊቱ ደብዛዛ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በትሉ አረባብ ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ሳባሐርም እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቁሞ የኤሪ ሐርን በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ይኸው ሻርፕ ደሴ ፒያሳ ቢሰቀል «ይሄማ ጥጥ ነው» የሚል ደንበኛ አያጣም። ፕላስቲኩ በሐር ስም ይሸጣል፤ ሐሩ በጥጥ ስም ይመለሳል።

አገሩ ለሐር እንግዳ ሆኖ አይደለም። የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደጻፈው፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ አክሱማውያን ከሕንድ ሐር እየገዙ ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠይቆ ነበር። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች የሚያርፉባቸውን ወደቦች ቀድመው ይዘው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ስለነበር ነገሩ አልሆነም። ወደ ቅርቡ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ፣ ከዚያው ከወሎ ምድር፣ ከዘረፋቸው ቅርሶች አንዱ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው፤ በጎንደር ዘመን ከውጭ በመጣ የሐር ክር የተሸመነ። የዚያን ዘመን ሸማኔ ክሩን በጣቱ እየዳሰሰ ድርና ማግ የሚያደርግ ሰው ነውና ሐርን ከጥጥ ጋር ሊያምታታ አይችልም። የዛሬው ገዢ የሚያገኘው ግን ያለቀለት፣ ታጥፎ በላስቲክ የታሸገ ጨርቅ ነው፤ ክሩን አያየውም።

ክሩን የሚያሳይ መንገድ ቢኖርም ገበያው የሚያምነው ሌላ ነው። ሻሹን በቀለበት ውስጥ ማሳለፍ የሐር ምስክር ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስስ ፖሊስተርም በዚያው ቀለበት ያለ ችግር ያልፋል፤ ወፍራሙ የኤሪ ሻርፕ ግን ሊቸገር ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው እሳት ነው። ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ በክብሪት ሲለኮስ፣ ሐር ከሆነ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። ሐር የሚመስለው ሌላው ክር፣ ቪስኮስ፣ ደግሞ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ድሩ ፖሊስተር፣ ማጉ ሐር የሆነ ድብልቅ ስላለ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ክር መሞከር ያስፈልጋል። ነጋዴው ክር ለማስመዘዝ እሺ ካላለ ያም አንድ መልስ ነው።

የስሙ ጉዳይ ሙስሊሙ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ ከዋጋም ያልፋል። በእስልምና ሐር ለሴት የተፈቀደ፣ ለወንድ የተከለከለ ነው፤ በሐዲስ ለወንድ የተፈቀደው ቢበዛ አራት ጣት የሚሆን ጌጥ ነው። ለሴት ደንበኛ «ንጹሕ ሐር» የተባለው ጨርቅ ወንድ ሲጠይቅ በአንድ አፍ «ሐር አይደለም» ሊሆን ነው፤ የሚገርመው ደግሞ እውነት የሚነገረው ለሁለተኛው ሰው መሆኑ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1007/2011 መሠረት ሐር ተብሎ ሊጠራ የሚችለው ሐር ከሚያመነጩ ነፍሳት ብቻ የተገኘ ክር ነው። ኢትዮጵያም ሸማቹን በማሳሳት መሸጥን የሚከለክል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ አውጥታለች። ሻሽ ሻጩ ግን ደረሰኝ ሲጽፍ እንኳ «ሻሽ» ብሎ ያልፋል፤ ከምን እንደተሠራ የጠየቀው የለም።

ክሩ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ክብደትና መጠን ነው፤ እዚህም የገበያው ልማድ ያሳስታል። የሐር ጨርቅ ክብደት በሞሚ ይለካል፤ አንድ ሞሚ በካሬ ሜትር 4.34 ግራም ያህል ነው። ሺፎን ከ6 እስከ 8፣ ጥሩ የትዊል ሻርፕ ከ14 እስከ 18 ይደርሳል። በ16 ሞሚ የተሠራ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ካሬ 56 ግራም ገደማ ስለሚመዝን የወርቅ ሠሪ ሚዛን ያለምንም ክርክር ይፈርዳል። ቅምቅማቱም ይናገራል፤ በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ጠርዝ ድብልብል ብሎ ይነሳል፣ በመኪና የተሰፋው ጠፍጣፋ ነው።

«ለሁሉም ይሆናል» የሚለው የመጠን አነጋገር ግን ለማንም አይሆንም። 90 በ90 የሆነው ካሬ በሰያፍ ሲታጠፍ 127 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ፀጉር ላይ ለማሰር ወይም አንገት ላይ ለመጣል ይበቃል፣ ደረትና ትከሻ ለሚሸፍን ሂጃብ ግን ያጥራል። ለዚያ 140 በ140 የሆነ ካሬ፣ ወይም ስፋቱ 70፣ ርዝመቱ 180 የሆነ ያስፈልጋል። ሐር ስለሚንሸራተት አጭሩን በመርፌ ቁልፍ ወጥሮ ማቆም ይመጣል፤ መርፌውም ክሩን ይስበዋል። የሚገርመው ይህን ቸልታ የሚቀበለው ማኅበረሰብ በነጠላ ላይ ቸል የማይል መሆኑ ነው። ነጠላ በክንድ ተለክቶ ይታዘዛል፤ መስከረም 21 ቀን ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣ ምእመን በመስቀለኛ ያጣፋዋል፣ ለቅሶ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ርዝመትና ወርዱ አስቀድሞ ስለታሰበበት ነው። ለሻርፕ ሜትር መዘርጋት ለምን እንደሚያሳፍር ግልጽ አይደለም።

በአያያዝ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ሐር ውኃ አይነካውም ብሎ ለላውንደሪ ብቻ መስጠት ነው። ቀለሙ የማይለቅ መሆኑ በጠርዙ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ከተረጋገጠ፣ ሐር ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የፀጉር ሻምፑ በቤት ይታጠባል። ሁለተኛው ስህተት ከነጭ ነጠላ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። የዱቄት ሳሙና አልካሊ ስለሆነ ክሩን ያደክማል፤ በረኪና ደግሞ ፕሮቲንን ስለሚያሟሟ ሐሩን ይበላዋል። እርጥብ ሐር ጉልበቱ ስለሚቀንስ አይጨመቅም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይመጠጥና በጥላ ይሰጣል። የሐይቅ ፀሐይ ለጋቢ መልካም ናት፤ ሐርን ግን ታገረጣለች፣ ታደርቃለች።

በወሎ ከሁሉ የሚያስቸግረው ቅቤ ነው። ፀጉር ተቀብቶ ሻሽ ሲታሰር ቅባቱ በሁለቱም ጨርቆች ላይ ያርፋል፤ ፖሊስተር ቅባትን ከሐር ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ሽታውም አብሮት ይከርማል። ሐሩ ላይ ያረፈው፣ ሳይቆይና ውኃ ሳይነካው፣ ዱቄት ተነስንሶበት ቢያድር ብዙው ይመጠጣል። ከሁሉ የሚሻለው ከሥር ስስ የጥጥ ሻሽ ማሰር ነው። የወይራና የእጣን ጭስም ሐር ውስጥ ፈጥኖ ይገባል፤ ለሚወዱት ጌጥ ነው፣ ነጭ ሐር ግን ጢስ ሲደጋገምበት ቢጫ ይሆናል። ካውያው የሚያርፈው ጨርቁ ገና እርጥበት ሳለው፣ በውስጥ ፊቱ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ነው። ሲቀመጥም ከፕላስቲክ ከረጢት ይልቅ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እጥፋቱም በየጊዜው ቦታ እየቀያየረ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚታጠፍ ሐር ቀድሞ የሚሰነጠቀው በዚያው መስመር ነው።