ከሺህ ጫማ በታች

በአየር ማረፊያዎች አቅራቢያ የግጭት ማስጠንቀቂያ የሚደርሳቸው አብራሪዎች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር፣ «ማንቂያው ከጮኸና አብራሪው ከታዘዘ ምን ያሳስባል? ሥርዓቱ ሠርቷል ማለት ነው» የሚል መልስ አይጠፋም፤ በዚህ ሳምንትም ይኸው መልስ ነገሩን እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች አፍ ተደምጧል። የቆዩ አንባቢዎች እንደሚያውቁት፣ ይህ ዓምድ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አሮጌ ጠብ አለው፤ ጠቡም ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን፣ መሣሪያውን ለቸልተኝነት መሸፈኛ ከሚያደርጉት ጋር ነው።

መሣሪያው ቲካስ ይባላል። አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ከፍታቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቁበት ትራንስፖንደር የተባለ ዕቃ ያላቸው ሲሆን፣ ቲካስ በዙሪያው ያሉትን ትራንስፖንደሮች ያለማቋረጥ እየጠየቀ፣ ከሚያገኘው መልስ ማን ወደ ማን እየቀረበ እንደሆነ ያሰላል፤ ይህንንም የሚያደርገው ምድር ላይ ያለውን ራዳርና ተቆጣጣሪውን ሳይጠብቅ ነው። ማስጠንቀቂያው ሁለት ደረጃ አለው፦ የመጀመሪያው «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ አብራሪው እንዲያስተውልና እንዲዘጋጅ ብቻ የሚያሳስብ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ክላይምብ» ወይም «ዲሴንድ»፣ ማለትም ውጣ ወይም ውረድ የሚል ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ነው። ሁለቱም አውሮፕላኖች ቲካስ ካላቸው፣ መሣሪያዎቹ ተነጋግረው አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይሰዳሉ። አብራሪው ትእዛዙን በ5 ሰከንድ ውስጥ መፈጸም እንዲጀምር ይጠበቅበታል፤ ተቆጣጣሪውም ይህ ከተነገረው በኋላ፣ ስጋቱ ማለፉን እስኪሰማ ድረስ፣ የዚያን አውሮፕላን ጉዞ ለመለወጥ አይሞክርም።

ደንቡ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የተቀመጠው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት፣ በደቡብ ጀርመን በኡበርሊንገን ከተማ ሰማይ ላይ፣ ከሞስኮ ወደ ባርሴሎና ይበር የነበረ ቱፖሌቭ 154 እና የዲኤችኤል የጭነት ቦይንግ 757 ወደ አንድ ነጥብ ሲያመሩ፣ አካባቢውን ከዙሪክ ሆኖ የሚቆጣጠረው ሰው፣ ባልደረባው ዕረፍት ላይ ስለነበረ፣ ብቻውን ሁለት የሥራ ቦታ ይዞ ነበር፤ ዋናው ስልክም ለጥገና ተቋርጧል። ተቆጣጣሪው አደጋውን ዘግይቶ አይቶ የቱፖሌቩን አብራሪዎች ውረዱ አላቸው፤ ከሰከንዶች በኋላ ቲካሳቸው ውጡ አለ። ረዳት አብራሪው መሣሪያው ውጡ እያለ መሆኑን ቢያሳስብም፣ ተቆጣጣሪው ውረዱ የሚለውን ደገመው፤ ይባስ ብሎም ሌላው አውሮፕላን በቀኝ በኩል እንደሚመጣ ነገራቸው፤ የሚመጣው ግን በግራ ነበር። የቦይንጉ አብራሪዎች ለመሣሪያው ታዝዘው ወረዱ፤ ቱፖሌቩም ለሰው ድምፅ ታዝዞ ወረደ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ 52ቱ ልጆች ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2001፣ ሁለት የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላኖች በተመሳሳይ ግራ መጋባት ለጥቂት ተላልፈው፣ 100 ያህል ሰዎች በድንገተኛው ማዘቅዘቅ ተጎድተው ነበር። አብራሪው ለቲካስ ትእዛዝ እንጂ ለተቆጣጣሪው ቃል እንዳይታዘዝ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በማያሻማ ቋንቋ የጻፈው ግን በ2003 መጨረሻ ነው። እስከ ዛሬ «አብራሪው በራሱ ማስተዋል ይመዝን» የሚሉ አሉ፤ በጨለማ፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ በተሳሳተ አቅጣጫ እየፈለገ ምን እንደሚመዝን ግን አይናገሩም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ከፍ ባለ ሰማይ ላይ ነው። ከ1,000 ጫማ ገደማ በታች ቲካስ ሁለተኛውን ትእዛዝ እንዳይሰጥ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ምክንያቱም መሬት አጠገብ ያለን አውሮፕላን ውረድ ማለት ራሱ አደጋ ነው፤ ለማረፍ ያሽቆለቆለን አብራሪም በማያስፈልግ ጩኸት ማወክ አይገባም። ምክንያቱ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን አውሮፕላኖች እጅግ በሚቀራረቡበት ስፍራ መሣሪያው ትእዛዝ አልባ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ምሽት በዋሽንግተን ሬገን አየር ማረፊያ ሊያርፍ የተቃረበው የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ከመጋጨቱ 20 ሰከንድ ገደማ በፊት «ትራፊክ፣ ትራፊክ» የሚለውን ሰምቶ ነበር፤ ሁለተኛው ድምፅ አልመጣም፣ ሊመጣም አይችልም ነበር። ሄሊኮፕተሩ አውሮፕላኑን በዓይኑ እያየ እንዲርቅ ኃላፊነቱን ተቀብሎ ነበር፤ ጊዜው ሌሊት፣ ከታችም የከተማው መብራት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከአርሊንግተንና ከአሌክሳንድርያ ጎን በሚፈሰው በፖቶማክ ወንዝ ላይ 67 ሰዎች ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ያወጣው ሐቅ ከግጭቱ ይልቅ ያሳፍራል። ከ2011 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት፣ በዚያ አየር ማረፊያ አቅራቢያ፣ ትእዛዙ ከማይሰጥበት ከፍታ በላይ ሳለ፣ ቢያንስ አንድ አውሮፕላን በየወሩ በሄሊኮፕተር ምክንያት የቲካስ ትእዛዝ ይደርሰው ነበር፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ሌሊት የደረሱ ናቸው። ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ብቻ፣ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ከ1,500 ጫማ ባነሰ የጎን ርቀትና ከ200 ጫማ ባነሰ የከፍታ ልዩነት 85 ጊዜ ተላልፈዋል። ቁጥሩ በፌዴራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት እጅ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት እዚህ ቦታ የለውም፤ ውሻው አስቀድሞ በየወሩ ጮኾ ነበር፤ ያልተነሣው ባለቤቱ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ትእዛዙ የደረሰው እያንዳንዱ አብራሪ እንደ ደንቡ ታዞ፣ ወጥቶ ወይም ወርዶ፣ መንገደኞቹን በሰላም አሳርፏል፤ «ሥርዓቱ ሠርቷል» የሚሉት ይህንን ነው። የአብራሪው መታዘዝ ግን የአንዱን ምሽት አደጋ ያስቀራል እንጂ ሄሊኮፕተሩንና አውሮፕላኑን በየምሽቱ የሚያገናኘውን መንገድ አያነሣም፤ መንገዱን የማንሣት ሥልጣን ያለው መዝገቡን የያዘው ነው። ያ የሄሊኮፕተር መንገድ በአየር ማረፊያው አጠገብ የሚያልፍበት ክፍል በቋሚነት የተዘጋው በማርች 2025፣ ከግጭቱ በኋላ ነው።