ቢጫው አረንጓዴ ሲሆን ክሊኒንግ አትጫኑ

ማተሚያችሁ ዛሬ ቢጫውን አረንጓዴ አድርጎ ካወጣ፣ እጃችሁን ከ«ሄድ ክሊኒንግ» ላይ አንሱ። አሁኑኑ አንሱ። ይህን የምጽፈው ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ መርካቶ ውስጥ ድረስ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱና በየማስታወቂያ ሥራው በኢንክጄት ማተሚያ እንጀራችሁን ለምትበሉ ነው። ሊድን የሚችል ሄድ፣ ማለትም ቀለሙን የሚረጨው የማተሚያው ክፍል፣ በዚያች አንድ ትእዛዝ ሲሞት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ብዙዎቻችን ማተሚያው ሲያስቸግር ሁሉንም ነገር «ሄዱ ተደፈነ» እንላለን። ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንደኛው መደፈን ነው፤ ቀለም ደርቆ ቀዳዳውን ዘግቶታል። ሁለተኛው ብክለት ነው፤ ታንኩ ወይም ካርትሪጁ ውስጥ የማይገባው ነገር ገብቷል። ክሊኒንግ ሲታዘዝ ፓምፑ ከታንኩ ቀለም ስቦ በሄዱ በኩል ያሳልፋል። ታንኩ ውስጥ ያለው ቀለም የተበላሸ ከሆነ፣ በተጫናችሁ ቁጥር መርዙን በገዛ እጃችሁ ወደ ሄዱ እያስገባችሁት ነው። ኤፕሰን ኤል 3110 ለጥቁር 180፣ ለየቀለሙ 59 ቀዳዳዎች አሉት። ፎቶ ቤቶች የሚወዱት ኤል 805 ለስድስቱም ቀለሞች 90፣ 90 አለው። እያንዳንዷ ቀዳዳ ከፀጉር የቀጠነች ናት፤ ለመዝጋት የዓይን ጉድፍ የማታክል ቅንጣት ትበቃለች።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኖዝል ቼክ አትሙና ወረቀቱን ወደ ብርሃን አውጥታችሁ እዩት። ትንሽ ቆይታችሁ ሌላ አትሙና ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጎደለው መስመር በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ከሆነ ቀዳዳው ደርቋል። የጎደለው ቦታ ከወረቀት ወረቀት የሚዘዋወር ከሆነ፣ ወይም ደህና ጀምሮ ገጹ አጋማሽ ላይ የሚጠፋ ከሆነ፣ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ የታንኩ ቀለም ዝቅ ብሎም ሊሆን ይችላል። መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ቀለማቸው ብቻ ከተሳሳተ ግን ብክለት ነው።

ብክለትን ቀድሞ የሚናገረው ቢጫው ነው። ከሁሉ የፈዘዘ በመሆኑ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ስትገባበት ወዲያው ይለወጣል። ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ጀምሮ ሁለት ሦስት ገጽ ላይ ከጠራ ታንኩ ንጹሕ ነው፤ ሌሊት ሄዱ የሚያርፍበት ካፕ ላይ የተጠራቀመው ቀለም ነው ወደ ኋላ የተሳበው። ገጽ በገጽ ላይ አትማችሁ ካልጠራ፣ ታንኩን ጠርጥሩ።

ድልድዩ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ይህን ካፕ በባትሪ መብራት አሳየችኝ። ዙሪያው ላይ ያለው ጎማ በደረቀ ጥቁር ቀለምና በወረቀት ብናኝ ተጋግሮ ነበር። ሄዱ በላዩ ቢቀመጥም አይገጥምም፤ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይገባዋል። እሷ ግን በየጠዋቱ ክሊኒንግ ትጫን ነበር፤ የታንኩም ቀለም ወለል በየቀኑ ይወርዳል። የጎማውን ጠርዝ በዲስቲልድ ውሃ በረጠበ፣ ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠረገችው። ካፑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይም ጥቂት ጠብታ ጨመረችና አንድ ጊዜ ብቻ ክሊኒንግ አዘዘች። ውሃው ተስቦ ሄደ፤ ፓምፑ ይሠራል ማለት ነው። ውሃው እዚያው ቢቀር ኖሮ መቶ ጊዜ ክሊኒንግ ብትጫንም ዋጋ አልነበረውም፤ የተዘጋው የፓምፑ መስመር ነው። እውነተኛ መደፈን ሲያጋጥም እንኳ የኤፕሰን መመሪያ ራሱ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ማሽኑን አጥፍታችሁ ለብዙ ሰዓታት እንድታሳርፉት ያዛል። ያ ዕረፍት የደረቀውን ያለሰልሳል፣ የአየር አረፋውንም ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ፤ ወደ ቀለሙ። «ለሁሉም ማሽን ይሆናል» የተባለ ጠርሙስ ስትገዙ ሻጩን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን «ዳይ ነው ፒግመንት?» የሚለው ይሁን። ዳይ ውሃ ውስጥ የሟሟ ቀለም ነው። ፒግመንት ግን ሳይሟሟ የተንሳፈፈ ደቃቅ ዱቄት ነው። በካኖን ጂ 2010 እና በኤች ፒ ስማርት ታንክ ላይ ጥቁሩ ፒግመንት፣ ባለቀለሞቹ ዳይ ናቸው። ኤል 805 ላይ ስድስቱም ዳይ ናቸው። ዳይና ፒግመንት አንድ ታንክ ውስጥ ሲገናኙ እንደረጋ ወተት ሊቋጥሩ ይችላሉ፤ ያ ቋጠሮ ሄዱ ውስጥ ካለው ማጣሪያ ከደረሰ በማጠብ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። ለኩባያና ለቲሸርት የሚሆነውን የሰብሊሜሽን ቀለም ሰነድ በሚታተምበት ማሽን ላይ አትገልብጡ። ኤል 1800ን ወደ ዲ ቲ ኤፍ የቀየራችሁ ደግሞ ነጩን ቀለም ጠዋት ማታ አናውጡ። ነጭነቱ የሚመጣው ከከባድ የታይታኒየም ዱቄት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቱቦው ውስጥ ይዘቅጣል።

አዲስ ቀለም ከመሙላታችሁ በፊት ከአሮጌውና ከአዲሱ ጥቂት ጠብታ በንጹሕ የፕላስቲክ ኩባያ ቀላቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ፍርፋሪ ወይም ዝቃጭ ካያችሁ ያን ጠርሙስ መልሱት። ለየቀለሙ የራሱ ሲሪንጅ ይኑረው፤ አንዱን ሲሪንጅ በቧንቧ ውሃ አለቅልቆ ለሌላው መጠቀም ብክለቱን በእጅ ማስገባት ነው። ቀለም ተሳስታችሁ ከገለበጣችሁም እስክታስተካክሉት አንድም ገጽ አታትሙ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ታንኩን በሲሪንጅ ቅዱት፣ በዲስቲልድ ውሃ አጥባችሁ ቅዱት፣ ከዚያ ትክክለኛውን ሙሉ። የተሳሳተው ቀለም ቱቦው ውስጥ ሳይገባ ከደረሳችሁ ማሽኑ ተርፏል። ዲስቲልድ ውሃ ባትሪ መሸጫ ታገኛላችሁ፤ የተሰጣችሁ የባትሪ አሲድ አለመሆኑን ግን ጽሑፉን አንብባችሁ አረጋግጡ።

በካርትሪጅ የምትሠሩም አትዘናጉ። በብዙ የኤች ፒና የካኖን ካርትሪጆች ላይ ሄዱ የተሠራው ካርትሪጁ ላይ ነው፤ ቀለሙንም የሚተፋው በሙቀት ነው። ቀለም ሲያልቅ ማተም ከቀጠላችሁ የሚያበርደው ያጣው ማሞቂያ ይቃጠላል። ባለሦስት ቀለሙን ከልክ በላይ ስትሞሉት ደግሞ ቀለሞቹ ውስጥ ለውስጥ ይቀላቀላሉ።

መብራት ሌላው ገዳይ ነው። ማሽኑ እያተመ መብራት ሲሄድ ሄዱ ካፑ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከጥቅምት በኋላ ባለው የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ደግሞ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል። መብራቱ እንደተመለሰ አብሩት፤ ሄዱ ራሱ ወደ ቦታው ይሄዳል። ማታ ሱቅ ስትዘጉም ከማከፋፈያው ከመንቀላችሁ ወይም ብሬከሩን ከማውረዳችሁ በፊት በራሱ ቁልፍ አጥፉትና እስኪቆም ጠብቁ። በኮሪደር ልማቱም ሆነ በሌላ ምክንያት ሱቅ የምትቀይሩ፣ ማሽኑን ቀለም እንደሞላ አጋድማችሁ መኪና ላይ አትጫኑ። የማጓጓዣ መቆለፊያ ያለው ሞዴል ከሆነ ቆልፉት፣ ክዳኖቹን አጥብቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ቲነር፣ ቤንዚንና አሴቶን ከሱቃችሁ ይውጡልኝ። የሄዱን ማጣበቂያና ጎማ ይበላሉ፣ እሳትም ይጠራሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው ወረቀት በተከመረበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቲነር ክፍቱን ትቶ ሊሠራ አይገባም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ሄድ ዛሬ እንደ ትናንቱ ዋጋ ስለማይገኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሄድ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። የጥር ሰርግ ካርድ ተቀብላችሁ ሄድ ብትገድሉ የካርዱ ትርፍ አይሸፍነውም።

አንድ ነገር ይቀራል። የክሊኒንጉ ቀለም የሚሄደው ማሽኑ ሥር ወዳለ ስፖንጅ ነው። ቆጣሪው ሲሞላ ማሽኑ ይቆማል፤ «ሪሴት» የሚያደርግላችሁ ባለሙያም ቁጥሩን ብቻ ዜሮ ያደርጋል፤ ስፖንጁ እንደሞላ ነው። ሪሴት በተደረገበት ቀን ስፖንጁም ይቀየር፤ አለዚያ ቀለሙ ሞልቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ይፈስሳል። ማሽኑን ለጥገና ስትሰጡም ከጥገና በፊት ያተማችሁትን ኖዝል ቼክ ቀን ጽፋችሁበት ያዙ። ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ ሌላ አሳትሙና ከክፍያው በፊት ሁለቱን አስተያዩ።