ማፑ ለዕቃው ወይስ ዕቃው ለማፑ?

አንደኛው ጸሐፊ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የመኪና ባለቤት ነው። ሌላኛው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። የተሟገቱት ተርቦ ያለው መኪና ላይ ዕቃ ሲቀየር የሞተሩ ኮምፒውተር በምን ይመራ በሚለው ነው።

ባለቤቱ

ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት ተበላሽቶ የመጣውን መኪና ነው። እኔ ሳትበላሽ ስድስት ዓመት ስለነዳኋት ልንገርዎት።

መኪናዬ የ2016 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ናት፤ 2.0 ሊትር፣ ከፋብሪካ 268 የፈረስ ጉልበት። በገዛኋት ሰሞን ኮምፒውተሯን የሚጽፍ የእጅ መሣሪያ ገዛሁ። ውስጡ የመሣሪያው አምራች ያዘጋጃቸው ማፖች አሉበት። ማፕ ማለት ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ የሚያየው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፦ በዚህ ዙር፣ በዚህ ጭነት ስንት ቤንዚን፣ እሳቱ መቼ፣ ተርቦው ምን ያህል ይግፋ። የማፑ ስም ረዘም ይላል፤ ግን ስሙ ራሱ ውል ነው። «ስቴጅ 1» ካለ ምንም ዕቃ አልተቀየረም። «ስቴጅ 2» ካለ ከተርቦው ሥር ያለው የጭስ ቱቦ፣ ዳውንፓይፑ፣ ተቀይሯል። ከዚያ የኢንቴኩ፣ የአየር ማስገቢያው፣ ዓይነት፤ መጨረሻ ላይ የቤንዚኑ የኦክቴን ቁጥር፣ 91 ወይም 93። ውሉን ያከበረ ሰው ሞተር አያቃጥልም።

አንዴ ውሉን አፍርሼ አይቻለሁ። ከሌላ አምራች ኢንቴክ ገዛሁ፤ ሰፋ ያለ ቱቦ፣ ረከስ ያለ ዋጋ፣ ድምፁ ደግሞ ልብ የሚሰርቅ። ቅዳሜ ገጠምኩት፣ ማፑን ግን አልነካሁም። እሑድ ማታ መሣሪያው የመዘገባቸውን ቁጥሮች፣ ሎጉን፣ ሳወጣ ኮምፒውተሩ በራሱ 14 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነው። ለምን? አየር መለኪያው ሴንሰር ቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን አየር ሁሉ አይቆጥርም፤ ፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ቀምሶ የቀረውን በቱቦው ስፋት ያሰላል። የቱቦውን ዲያሜትር ከ70 ወደ 77 ሚሊሜትር ካሰፉት አየር የሚያልፍበት ስፋት በ21 በመቶ ያድጋል፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም 70 ነው ብሎ ያምናል። በቀስታ ሲነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩ ያርመዋል። እግር ሙሉ ሲሰጥ ግን የሚያርመው የለም ማለት ይቻላል፦ ለ1 እጅ ቤንዚን 11.5 እጅ አየር ይሁን የተባለው ወደ 13.9 ይሄዳል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ጭነቱ ትንሽ ስለሚመስለው እሳቱን አስቀድሞ ይለኩሳል። ስህተቱ አንድ ነው፣ ጉዳቱ ሁለት።

ሰኞ ኢንቴኩን አውልቄ የፋብሪካውን ዲፕራተር መለስኩ። እርማቱ 2 በመቶ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የምገዛው የማፑን ዝርዝር አንብቤ ነው። እዚያ ከሌለ አልገዛውም።

እርስዎ «ማፕ በልክ ይሠራ» ይላሉ። ልክ የሚወስደው ማነው? ብዙው ደንበኛ የሚፈልገው ከጉልበት መለኪያው፣ ከዳይኖው፣ ላይ ፎቶ የሚነሣለት ትልቅ ቁጥር ነው፤ ማፑን የሚሠራው ቱነርም ቁጥሩን ይሰጠዋል። የተዘጋጀው ማፕ ግን መጥፎ ቀን፣ መጥፎ ቤንዚንና ሙቀት ታስቦ ትርፍ ተትቶለታል። የልክ ሥራው መጀመሪያ የሚበላው ያንን ትርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ማፑ ተቆልፎ ነው የሚሰጠው፤ ውስጡን ማየት አይቻልም።

መካኒኩ

ልጄ፣ ኢንቴኩን ማውለቅህ ደግ ነው። የጻፍከውን ግን መልሰህ አንብበው። ጥፋቱን የነገረህ የማፑ ስም አይደለም፤ ማፑ ዝም ነው ያለው። የነገረህ ሎጉ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ መኪናውን ጠይቅ፣ ወረቀቱን አትጠይቅ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ካርቡራተር በማጠብ ነው። ያኔ ማፕ ማለት ጂግለር ነበር፤ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ትንሽ ከሰፋ ጥቁር ጭስ፣ ከጠበበ ሙቀት። አዲስ አበባ ላይ ልክ የተባለ መኪና አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚን ያንሰዋል። ባለመኪናው ተመልሶ መጥቶ «አበላሸኸው» ይለናል። አላበላሸንም፤ አገሩ ነው የተለየው።

አሁን አውሮራን ተመልከት። ከባሕር ወለል 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አንተ ዘንድ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ እኛ ዘንድ 83 ገደማ። ተርቦህ 110 ቢጨምር ሞተሩ 211 ያገኛል፤ የገባውን አየር በሁለት እጥፍ ነው ያመቀው። እኔ ጋ ያንኑ 211 ለማግኘት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ተርቦው ይበልጥ ይሽከረከራል፣ አየሩ ይበልጥ ይግላል፣ የጋለ አየር ደግሞ ሞተሩ እንዲያንኳኳ ያደርጋል። ያንተው መኪና፣ ያንተው ዕቃ፣ ያንተው ማፕ፤ እዚህ ሌላ ሞተር ነው። ቤንዚኑም ሌላ ነው። እዚህ ፓምፑ ላይ ሱፐር የሚባለው 91 ነው፤ አንተ 93 ትቀዳለህ።

ደግሞ ወደ እኔ የሚመጣው እንዳንተ አዲስ መኪና ገዝቶ ዝርዝር ያነበበ ሰው መሰለህ? ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት ነው። ዳውንፓይፑን ማን እንደገጠመው አያውቅም፤ ኢንቴኩ ላይ ስም የለም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ማንም አያውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ የኛ ልጅ «ትንሽ ጉልበት አንሷታል» ብሎ አመጣልኝ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ካንዴላ ነጩ ሸክላ ላይ በማጉያ መስታወት ብቻ የሚታዩ የሚያብረቀርቁ ፍንጣቂዎች አሉ። አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኑ ራሱ እየተላጠ ነው። ሞተሩን ስንከፍተው ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ተሰንጥቋል። ልጁ የጫነው ማፕ እንዳንተው ከመሣሪያው የተመረጠ «ስቴጅ 2» ነበር። ስሙ ትክክል ነው፤ ዳውንፓይፕም አለው። ግን የሱ ቱቦ ማፑ ከሚያውቀው ቱቦ ይበልጥ ክፍት ነው፤ ተርቦው ቶሎ ይነሣና የጭስ ማስተንፈሻው በር፣ ዌስትጌቱ፣ ትርፉን ጭስ ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ቡስቱ፣ የተርቦው ግፊት፣ ከታዘዘው በላይ ይወጣል። ይህንን በማፕ ዝርዝር አታገኘውም። በሦስተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 6,500 ዙር አንዴ ብትስበው ግን ሎጉ ላይ ታየዋለህ።

ስለ ቱነሩ ያልከው እውነት ነው። ቁጥር የሚሸጡ አሉ። መጥፎ ልብስ ሰፊ አለ ተብሎ ግን ሁሉ ሰው በአንድ ልክ አይለብስም።

ባለቤቱ፣ መልስ

ስለ ከፍታው ያሉት ሒሳብ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘለሉ። የፋብሪካው ኮምፒውተር የአየሩን ግፊት ያነባል፤ ከፍ ሲል የሚታዘዘውን ቡስት የሚቀንስ ሠንጠረዥ አለው፤ የተዘጋጁት ማፖችም ያንን ይዘዋል። 211ን አውሮራ ላይ ላምጣ ብሎ የሚታገል ማፕ ካለ ያዘጋጀው ሰው ነው የተሳሳተው። እንዲያውም ያንን ሠንጠረዥ ዘግተው «ለከፍታ ሠራንልህ» የሚሉ ልክ ሰፊዎች አሉ።

የልጁም መኪና ቢሆን ውሉ አልተከበረበትም። ማፑ ስለ አንድ የታወቀ ቱቦ ነው የተጻፈው፤ «ዳውንፓይፕ ሁሉ ዳውንፓይፕ ነው» ያለው ልጁ ነው።

ሌላም አለ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በጭስ ምርመራ ላይ የኮምፒውተሩን ጽሑፍ ራሱን ያያል፤ ከፋብሪካው ወይም ከተፈቀደው ካልተመሳሰለ መኪናው ይወድቃል። የፈቃድ ቁጥር የሚሰጠው ተፈትኖ ላለፈ ምርት ነው፤ ለአንድ መኪና አንድ ቅዳሜ ለተሰፋ ማፕ ማን ፈቃድ ያወጣለታል? እህቴ ሎስ አንጀለስ ናት፤ ነገ እዚያ ብዛወር መኪናዬን የሚያሳልፈው ዝርዝሩ ነው፣ የእርስዎ ጥበብ አይደለም።

ለማንኛውም በነሐሴ እየነዳሁ እመጣለሁ። ያኔ ያዩታል።

መካኒኩ፣ መልስ

የካሊፎርኒያውን ወስጄልሃለሁ፤ መልስ የለኝም። እኔም ካታሊስት አውልቅልኝ የሚለኝን ሰው እመልሰዋለሁ፤ የፌዴራል ሕግ ነው፣ ክርክር የለውም።

የግፊቱ ሠንጠረዥም አለ፤ አልካድኩም። ግን ሠንጠረዡ ቡስቱን ይቀንስልሃል እንጂ ያንተን ቤንዚን አያውቅም፤ ሲያንኳኳ ሰምቶ እሳቱን ያዘገያል፣ ያም ከተንኳኳ በኋላ ነው። አንተ «ኮምፒውተሩ ራሱን ይጠብቃል» ስትል እኔ የእሳቱ መዘግየት −2.8 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈበትን የሎግ መስመር አያለሁ። በአንድ ሎግ አንዴ ከሆነ የውሸት ጩኸት ነው እንበል፤ በዚያው ዙር ሦስቴ ከተደገመ ግን ዝርዝርህን አጥፈህ ኪስህ አስገባና ወደ ሞተሩ ጠጋ በል።

ስትመጣ ሁለት ነገር አደራ። ኮሎራዶ ስትገባ 91 ከመቅዳትህ በፊት ማፑን ወደ 91ዱ ቀይረው፤ እሱን ያንተም ዝርዝር ያዛል። ሁለተኛ፣ መንገድ ላይ ሎግ እያደረግክ ና። የካንዴላ ቁልፍ አታምጣ፣ እኔ ዘንድ አለ።