ቀሪቦን ለማን አስረከብነው?

ሰቶ ሰመሮም ሆነ ሌላው የጅማ ሰፈር ሠርግ የተጠራ ሰው ዛሬ ዛሬ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በለስላሳ ሳጥን ላይ ነው። ቀሪቦ ካለም ብዙ ጊዜ ከሻጭ በቢጫ ጀሪካን የመጣ ነው፤ መቼ እንደ ተጠመቀ ጋባዡ አያውቅም፣ ተጋባዡም አይጠይቅም።

የከተማ ሰው ስለ ቀሪቦ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «የድሃ መጠጥ ነው»፤ ሁለተኛው «ምንም የለበትም፣ ውሃ ነው»። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱንም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ሰው መሆኑ ነው።

ከፊተኛው እንጀምር። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ማክበር ማለት ጠርሙስ መክፈት መሰለን። ለስላሳ ግን ስኳር፣ ውሃና በማሽን የተነፋ ጋዝ ነው። ቀሪቦ ገብስ፣ ውሃ፣ ስኳርና እርሾ ነው፤ ጋዙን እርሾው ራሱ ያመጣዋል። ሩስያ የተማሩ ወገኖቻችን ክቫስን ያስታውሳሉ፤ ከጥቁር ዳቦ የሚጠመቀው ያ መጠጥ በሶቪየት ዘመን በየመንገዱ ከቢጫ በርሜል ይቀዳ ነበር፤ ዛሬም በፋብሪካ ይታሸጋል። ሩስያዊ በክቫሱ ሲያፍር የሰማ አለ?

ለመሆኑ ምኑ ከብዶ ነው ለሻጭ የተውነው? ገብሱ ተለቅሞ እንደ ቡና እስኪጠቁር ይቆላል፤ ይህንን ለጅማ ሰው ማስተማር ድፍረት ይሆናል። ብቻ አይረር፤ ያረረ ገብስ በስኳር አይታረምም። ከዚያ በውሃ ይፈላል፣ ውሃው ሲጠቁር ይወርዳል፣ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ስኳሩና የዳቦ እርሾው የሚገቡት ለብ ሲል ነው። በትኩሱ የጨመረ ጀማሪ እርሾውን ራሱ ገድሎ «አልነሣ አለኝ» ይላል። ለሊትር ቁንጥር እርሾ ይበቃል፤ ከበዛ ሊጥ ሊጥ ይሸታል። ክዳኑ ላላ ብሎ ያድርና ጠዋት ተቀምሶ፣ ጥቂት ስኳር ታክሎበት ይቀርባል። ጌሾ ስለሌለው አይመርም፤ እንደ ጠላ የማይከርመውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

አረፋው ይብዛልኝ ብሎ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ መዝጋት አደጋ አለው። ስኳርና ሕያው እርሾ ከታሸገበት ጠርሙስ የሚቀጥለው ፍንዳታ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሻላል፤ በእጅ ሲጨበጥ አልጨበጥ ካለ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ፣ ሲከፈትም ቀስ ተብሎ ይከፈት። ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሸት። እርሾ ስኳርን ሲበላ ጋዝና አልኮል አብሮ ነው የሚሰጠው፤ በክብደት ሲታይ እኩል ለእኩል ያህል። 10 ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ቢቦካ 5 ግራም ገደማ አልኮል ይወጣዋል። እንግዲህ የእርሾን አረፋ እያየ «አልኮል የለውም» የሚል ሰው ጭሱን እያየ እሳት የለም እንደሚል ነው። የሩስያ ደረጃ እንኳ ለክቫስ እስከ 1.2 በመቶ ፈቅዶ በግልጽ ጽፎታል። አንድ ሌሊት ያደረ ቀሪቦ ጥቂት አለው፤ ሦስት ቀን በጀሪካን የከረመ ደግሞ ሌላ መጠጥ ነው። ሲቆመጥጥ ስኳር ይጨመርበታል። ስኳሩ ምላስን ያታልላል፣ እርሾውን ግን ይቀልበዋል።

ነገሩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ። ጅማ ውስጥ ቀሪቦ በየሠርጉና በየበዓሉ የሚቀርበው በተለይ ጠላና ጠጅ ለማይነካው ነው፤ ለሙስሊሙም፣ ለፕሮቴስታንቱም። ይህ ሰው ስለ እምነቱ ብሎ ጠላውን ትቶ የተቀመጠ ነው። «ምንም የለበትም» ብሎ የሦስት ቀን ጀሪካን መቅዳት እንግዳ ማክበር ሳይሆን ማታለል ነው። ይጠጣ አይጠጣ የሚለው ፍርድ የእሱና የሃይማኖት አዋቂዎቹ ነው፤ የጋባዡ ድርሻ እርሾ እንደገባበትና ስንት ቀን እንዳደረ መናገር ነው። ጨርሶ ለማይፈልግ እርሾ ሳይገባበት የተጠለለውን የገብስ ውሃ አጣፍጦ፣ አቀዝቅዞ ማቅረብ ይቻላል። አረፋ የለውም፤ ጣዕሙ ግን ያው ነው።

«በቀሪቦ የሚተዳደሩትን ሴቶች እንጀራ ልትዘጋ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ተሳስቷል። ቤቱ የጠመቀ ሰው መልካሙን ከክፉው ይለያል፤ ሲገዛም ትናንት ማታ የጠመቀችዋን ፈልጎ ይሄዳል። ዛሬ የምትጎዳው እሷ ናት፤ ከስኳሩ በታች ያለውን የማይለይ ገዢ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይወስዳልና። ስለዚህ ሻጭም ሆነ ጋባዥ ጀሪካኑ ላይ የተጠመቀበትን ቀን ይጻፍበት። ቅር የሚለው የሰኞውን ሐሙስ የሚሸጠው ነው።