ገመዱን ለልጁ መልሱለት

ስካውት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ስካርፍ አስሮ አዳራሽ በር ላይ እንግዳ የሚያስተናግደውን ልጅ ነው። ወንበር ደርድር፣ ውኃ አድል፣ ሰልፍ አስይዝ! ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ሰርተፊኬት። ይሄ በጎ ፈቃድ ከሆነ ነፃ ጉልበት ምን ሊባል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1907 ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሰፈረ፤ የሀብታም ልጅና የሠራተኛ ልጅ ተቀላቅለው። በአራት ቡድን ከፋፈላቸውና የየቡድኑን አለቃ ከልጆቹ መካከል አደረገ። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። አለቃው ራሱ ልጅ ነው! ድንኳን የሚተክሉትም፣ እሳት የሚያነዱትም፣ ምግቡን የሚያሳርሩትም እነሱ። ትልቁ ሰው አደጋ ካልመጣ በቀር እጁን ሰብስቦ ያያል።

እጅ መሰብሰብ ግን ለእኛ አገር ትልቅ ሰው ጭንቅ ነው (እናቶቻችን እንኳ ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላውን ይቀሙን የለ?)። በበጎ ፈቃድ ከልጆች ጋር ስንሠራ ደጋግመን ያየነው ይሄንኑ ነው። ልጁ ቋጠሮውን ሁለቴ ሲስት "አምጣ ወዲህ!" ተብሎ ገመዱን ይነጠቃል። ሦስተኛው ላይ ይሳካለት ነበር እኮ!

ራቅ ብላችሁ እዩ ስንል ልጁን ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን ተዉት ማለታችን አይደለም። የአሜሪካው ቦይ ስካውት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ማመልከቻ ካስገባ በኋላ ከ82 ሺህ በላይ ሰዎች በልጅነታችን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለው ካሳ ጠይቀዋል። ስለዚህ ሁሌም ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፤ ገመዱ ግን በልጁ እጅ።

ለመጪው ክረምት በጎ ፈቃደኛ የምትመዘግቡ ሁሉ፣ ስንት ቲሸርት እንዳሳተማችሁ አትንገሩን። ልጆቹ በራሳቸው የሚወስኑት አንድ ነገር አለ?