ሳይቃጠል በቅጠል

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምሳሌ፣ አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ሳይሰሙት አይቀሩም። ትርጓሜውም እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ያስቸግራል ማለት ነው። ዛሬ ምሳሌውን ያነሣነው በሁለቱ ሞያሌዎች፣ በኬንያ በኩል በኦቦም ጭምር፣ ሴቶች ልጆችን ለሚያሳድጉ ወላጆች ስለሚጠቅም ነው።

የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ጀርመናዊው ሊቅ ሃራልድ ሱር ሐውዘን ስለ ገለጹ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የዚህ ቫይረስ ዲ ኤን ኤ፣ ማለት የዘር መመሪያው የተጻፈበት ክር፣ እንደ ቀለበት ክብ ሲሆን ርዝመቱ 8,000 ያህል ጥንድ ፊደላት ብቻ ነው። ክሩን የሚገለብጥበት የራሱ መሣሪያ ስለሌለው በሰው ሕዋስ መሣሪያ ይገለገላል።

ነገሩን በመሥሪያ ቤት ልማድ እንመስለው። አንድ መዝገብ እንዲገለበጥ አስቀድሞ ስፍራውን የሚያውቅ፣ ቀጥሎም መዝገቡን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ለቫይረሱ ይህን የሚሠሩለት ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ኢ-2 የተባለው፣ መገልበጥ በሚጀመርበት ስፍራ የተጻፉትን ልዩ ፊደላት ለይቶ ይይዛል፤ ስፍራውን ብቻውን አጥርቶ የማይለየውን ኢ-1ንም ወደዚያው ይመራዋል። ከዚያ በኋላ ኢ-2 ገለል ሲል፣ ኢ-1ዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው በክሩ ዙሪያ ሁለት ቀለበት ይሠሩና የተገመደውን ይፈቱታል። የሕዋሱም ገልባጮች የተፈታውን ክር ባገኙ ጊዜ፣ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ይገለብጡታል።

ብዙውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ያሸንፈዋል። ዳሩ ግን በአንዳንድ ሴቶች ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከማሕፀን በር ካንሰር ከመቶው 70 ያህሉ የሚመጣው 16 እና 18 ከተባሉት ዐይነቶች ነው።

ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ስለ ሆነና ዲ ኤን ኤ ስለሌለበት፣ በሰውነት ውስጥ ሊባዛ አይችልም። ሰውነት ግን ቅርፊቱን ዐውቆ፣ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ገና ከሕዋስ ሳይገባ ይይዘዋል። አስቀድሞ የገባውን ግን ክትባቱ አያወጣውም። ልጃገረዶች በለጋ ዕድሜያቸው የሚከተቡትም ስለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ ኬንያም በ2019 ለ10 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመሩ። እንግዲህ ቤተ ዘመዱ በሁለቱም ወገን በሚኖርበት በሞያሌ፣ አንዲት ልጅ ወዲያ ማዶ ተከትባለች ስትባል በዚህ፣ እዚህ ተከትባለች ስትባል በዚያ ልትዘነጋ ትችላለች። ስለዚህ ወላጆች የክትባቱን ካርድ እንደ ልደት ወረቀት ያኑሩ፤ ካርድ ከሌላትም ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ይጠይቁ። የየቀበሌው ሹማምንትና መምህራንም ልጅቷ ከየት መጣች ሳይሉ ተከትባለች ወይ ብለው ይመርምሩ። እናቶች ደግሞ፣ የእነርሱ ጊዜ አልፏል ሳይሉ፣ የማሕፀን በር ምርመራ ያድርጉ፤ በጊዜ የተገኘ በሽታ ይታከማልና።