ወይዘሮ ስሂን ማን ነበሩ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላደገ ሰው «ስሂን» ማለት ትምህርት ቤት ነው። ዋለልኝ መኮንን የተማረበት ማለት ነው፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁም ይህንኑ ስም ይዟል። ግን ወይዘሮ ስሂን እኮ ሰው ነበሩ! ጓደኞቼን ማን እንደነበሩ ስጠይቅ «የሆነ ንጉሥ ልጅ» ይሉኛል። መልሱ ልክ ነው፤ የሚያናድደኝ እዚያው ላይ ማለቁ ነው።

እሺ፣ ትንሽ እንግፋው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። የአምባሰሉን ገዢ ጃንጥራር አስፋውን አገቡ። ኋላ እቴጌ የሆኑትን መነን አስፋውን ወለዱ። ልጅ ኢያሱ በአባት ወንድማቸው ነው። አያችሁ? አባት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወንድም። አራት ነገር ነገርኳችሁ፣ አንዱም ስለ ራሳቸው አይደለም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የዚያ ዘመን የመኳንንት ጋብቻ እንደ ውል ነው የሚታየኝ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ምኒልክ ልጃቸውን ሸዋረጋን ዳሩላቸው፤ ኢያሱ ከዚያ ጋብቻ ተወለደ። ሚካኤል በተራቸው ስሂንን ለአምባሰል ዳሩ። አምባሰል ደግሞ ቀላል ቦታ እንዳይመስላችሁ፤ በ1881 የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። በጦር ከመዋጋት በጋብቻ መዛመድ ይረክሳል። የባቲ የሰኞ ገበያ ነጋዴም ይህችን ስሌት አያጣትም። በባንክ ቋንቋ ካየነው ግን፣ ውሉን የሚዋዋሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቷ መያዣ ናት። ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ።

ፈረሰም። መነን ተፈሪን ያገቡት በ1903 ነው፤ ጋብቻውን ያስማማው አጎታቸው ኢያሱ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ በፊት የራስ ልዑልሰገድ ሚስት ነበሩ። በ1909 ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የሚካኤል ጦር ልዑልሰገድን ገደለ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ሚካኤል ራሳቸው ተሸንፈው ተማረኩ፤ አልጋ ወራሽ የሆኑት ተፈሪ ናቸው። እንግዲህ ከስሂን በኩል ሆናችሁ ቁጠሩት። የተማረከው አባታቸው፣ የወረደው ወንድማቸው፣ ያሸነፈው የልጃቸው ባል፣ የሞተው የልጃቸው የቀድሞ ባል። ስለ ሰገሌ ስንማር ስለ ጦሩ ብዛትና ስለ መትረየሱ ነው የምንሰማው። በዚህ በኩል የቆጠረልኝ አስተማሪ አላጋጠመኝም።

ሌላ ቦታም ጋብቻ ንግድ ነበር። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በተደረገበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ ለንደን ውስጥ የባንክ ነጋዴዎች ልጅ የሆነችው ሃና ሮትሽልድ ሎርድ ሮዝበሪን አገባች። እሷ በ1890 ሞተች፣ እሱ በ1894 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግን ይዛው የመጣችው ሀብት፣ ሜንትሞር የሚባለው ትልቅ ቤት ሳይቀር፣ በወረቀት ተጽፎ ስለቀረ ዛሬ ስለ ባሏ የሚጽፍ ሰው እሷን መዝለል አይችልም። የሚገርመው በመብት በኩል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት በራሷ ስም ንብረት እንድትይዝ ሙሉ መብት የሰጠው ሕግ የወጣው በ1882 ነው። እኛ ጋ ሴት ርስት ትወርስ ነበር፤ በሰማንያ ያገባች ደግሞ ሲፋቱ ድርሻዋን ትወስድ ነበር። መብቱ እኛ ጋ ቀድሞ ነበረ፤ መዝገቡ ነው የጠፋው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሐውልት ይቅር፣ በጀት የለም ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኪውአር ኮድ ያለበት አንድ ሰሌዳ ይለጠፍ። ይዘቱን ራሳቸው የስሂን ተማሪዎች ይሥሩት፤ ስልክ ሁሉም አለው። በክረምቱ አምባሰል ወጥተው ከአያቶቻቸው ወሬ የሰሙ እናቶችን ድምፅ ይቅዱ። ስለ ጃንጥራሩ ዘመቻ የሚያወራ ስለማይጠፋ፣ ከሌላ ይጀምሩ። ግብር ሲበላ ድግሱን ማን ያዝ ነበር? ጃንጥራሩ ሲዘምት የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ ነበር?